ያልበቀለችው ክራንቻዬ

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እንዲህ ብዬ ስጽፍ እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ «በየትኛው ወረቀት ላይ አይተሽ?» የምትለኝ ይመስለኛል። እውነቷን ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ከሆሳዕና የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ሌሞ ውስጥ ለተወለደች ሴት ልጅ የልደት ቀን የሚጽፍላት ሰው አልነበረም። ዕድሜያችን የሚታወቀው በጥርሳችን ነው። አባቴ ፈረስ ይነግድ ነበር፤ ፎንቆ ገበያ ላይ የፈረሱን ከንፈር ገልብጦ፣ ድዱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ «ይሄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እናንተ አራት ትሉኛላችሁ፤ ጥርስ አይዋሽም» ይላል። እኛንም ልጆቹን እንደዚያው ነበር የሚቆጥረን። ታናሽ የአጎቴ ልጅ የፊት ጥርሱ ሲነቀል «ሰባት ገባ» አለ። እኔን አንድ ቀን አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝና «አሥራ ሁለት» አለ። ቀጥሎም ግንባሩን ቋጠር አድርጎ፣ «በዚህ በኩል ግን አንድ ጎድሏል» አለና ለቀቀኝ። ፈረስ ብሆን ኖሮ ዋጋ ይቀንስብኝ ነበር።

የጎደለችው በላይኛው ረድፍ በግራ በኩል ያለችው ክራንቻዬ ናት። በቀኝ በኩል ያለችው እህቷ ሹል ሆና፣ ነጭ ሆና፣ በጊዜዋ ብቅ ብላለች። በግራ በኩል ግን ባዶ ድድ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ የወተት ጥርሳቸው ሲወልቅ እያዩ ዋናውን ይጠብቃሉ። እኔ እዚያ ቦታ ላይ የወተቱም ጥርስ ኖሮኝ አያውቅም። በየጠዋቱ በምላሴ ጫፍ እየዳሰስኩ እጠብቃት ነበር፤ እንግዳ ይመጣል ተብሎ በር በር እንደሚታየው ማለት ነው።

አንዲት ጥርስ ብትጎድል ምን አለበት የሚል ሰው ሁሉም ጥርስ ያለው ሰው ነው። ሸንኮራ ስንበላ ሌሎቹ ልጆች በጎን ጥርሳቸው ነክሰው ልጡን ሽርክት አድርገው ይገፉታል። እኔ ስነክስ ሸንኮራው ይሾልክብኛል። ለመስቀል በሬ ሲታረድ ሰዉ ጥሬ ሥጋውን በጥርሱ ይዞ በቢላ ቆረጥ እያደረገ ሲበላ እኔ በቀኜ ብቻ ስታገል ሥጋውን ሌሎቹ ይጨርሱታል። ስስቅ ደግሞ ልጆቹ «በሩን ዝጊ፣ ጥጃዎቹ ይወጣሉ!» ይሉኛል። መጀመሪያ አብሬ ሳቅሁ። በኋላ በነጠላዬ ጫፍ አፌን እየሸፈንኩ መሳቅ ለመድሁ። ይኸው ዛሬም፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ፣ ስስቅ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል። ልጆቼ የትሕትና ነገር ይመስላቸዋል።

እናቴን ለምን እንዳልበቀለች ጠየቅኋት።

«ግግ ወጥቶልሽ ነው» አለችኝ። «ሕፃን ሆነሽ ሆድሽ አላቆም ብሎ ልትሞቺ ነበር። ድድሽ ውስጥ ነጭ ትል ገብቶ ነበር። አክስትሽ አወጣችልሽ፤ ዳንሽ።»

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከእኛ ግቢ በታች፣ ከእንሰቱ ማዶ ትኖር ነበር። አንዳንድ ሰው ስለ ግግ አውጪዎች ሲያወራ ክፉ አሮጊት አድርጎ ይስላቸዋል፤ እኔ የማውቃት እንዲያ አይደለችም። አክስቴ እጇ የተባረከ ይባልላት ነበር። ከከምባታ ድንበር ድረስ ሳይቀር ሕፃን አዝለው የሚመጡ እናቶች ነበሩ። ከማንም ምንም አትቀበልም፤ «የጌታ እጅ ነው» ትላለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ አብራ ታለቅሳለች። ባሏ የሞተባት፣ የራሷ ልጅ ያልነበራት ሴት ስለሆነች ያወጣችልንን ልጆች ሁሉ እንደ ራሷ ልጆች ነበር የምታየን። እኔን መንገድ ላይ ስታገኘኝ «የኔ ትርፍ!» ብላ ነበር የምትጠራኝ፤ ከሞት የተረፍሽልኝ ማለቷ ነው። ከመቀነቷ ውስጥ ሁሌ የተቆላ ባቄላ አይጠፋም። ትሰጠኛለች፤ እኔም በቀኝ መንጋጋዬ እቆረጥማለሁ። የምትሠራበት ዕቃ ወስፌ ነበር፤ ስፌት የምንሰፋበት ያ ሹል ብረት።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ስምንት ወር የሆነው ወንድሜ ሆዱ አላቆም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሆነው። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲያለቅስም እንባ አልነበረውም። አክስቴ ተጠርታ መጣች። እጇን ታጥባ፣ ጣቷን ቅቤ ቀብታ፣ ከንፈሩን ቀስ ብላ ገልጣ ድዱን ዳሰሰች።

«አለች» አለች። «ይኸው አብጣለች፤ ነጭ ነጯ ትታያለች። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

እናቴ «እሺ» አለች።

ሌላ ምን ልትል ኖሯል? በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ ስማቸው የሚጀምርበትን ድምፅ የያዘውን ሌላውን ቃል ሁሉ ትተዋለች፤ የላሙን፣ የውሃውን፣ የእህሉን ስም በሌላ ቃል እየተካች ዕድሜዋን ሙሉ ትናገራለች። እናቴ በባሏ ቤት አንዲት ጊዜ እንኳ ተሳስታ አታውቅም። የባል ታላቅ እህት ደግሞ እንደ አማት ናት። የስማቸውን ድምፅ እንኳ ከአፏ የማታወጣ ሴት «ልጄን አትንኪብኝ» የሚል ቃል ከየት ታምጣ?

የዚያን ዕለት ከሰዓት እናቴ እንሰት ትፍቅ ነበር፤ እኔ ወንድሜን ታቅፌ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ጣውላው ላይ የተዘረጋውን ልጥ በተረከዟ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃው መፋቂያ ወደ ታች እየገፋች ትፍቃለች። ድንገት እጇ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ከተማ ያለው የሚሲዮኑ ሐኪም የሚናገረው በአማርኛ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አንቺ አማርኛ ትሰሚያለሽ።»

«እሰማለሁ።»

«ደህና አድርገሽ?»

«ባለሱቋ ስትሰድበኝ አንዷም አታመልጠኝም» አልኳት።

ሳትፈልግ ሳቀች። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሆሳዕና ከተማ የአንድ የጉራጌ ባለሱቅ ሚስት ልጅ አዝልላት ነበርና አማርኛውን የለቀምኩት ከገበያተኛው አፍ ነው። ፊደሉንም ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከሳሙናው ካርቶን ላይ ነው የለየሁት። በቤታችን የሚወራው ሁሉ ሀዲይኛ ነው፤ የእናቴንና የአክስቴን ቃል እዚህ በአማርኛ የማወጋችሁ ለእናንተ ብዬ ነው።

እናቴ ቀርከሃውን አስቀመጠች። «ከዚያች በፊት...» አለች። ወደ እንሰቱ ጥግ አየች። «ከእህትሽ በፊት ሌላ ሰው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ» ብላ ተወችው።

በእኔና በወንድሜ መሃል አንዲት እህት ነበረችን። ሰባት ወሯ ላይ ሆዷ አላቆም አለ፤ አክስቴ ግግ አወጣችላት፤ አፏ አበጠ፤ ጡት መያዝ አልቻለችም። በአምስተኛው ቀን ሞተች። እንሰቱ ጥግ ተቀብራለች። ሰዉ «ዘገየን፤ ትሉ ቀድሞ ወደ ሆዷ ወርዷል» አለ። እናቴም አብራ እንደዚያ አለች። ያን ቀን ግን፣ ቀርከሃዋን አስቀምጣ ወደዚያ ጥግ ስታይ፣ እንደዚያ እንዳላመነች ገባኝ። ወንድሜ ጭኔ ላይ ቀሎኝ ነበር፤ እንደ ባዶ ቅል። ነገ ጠዋት ያ ወስፌ አፉ ውስጥ ከገባ እሱም ወደ እንሰቱ ጥግ እንደሚሄድ አወቅሁ። ደግሞ አክስቴን እወዳታለሁ። ሁለቱ ነገር አንድ ደረት ውስጥ አልገባ አለኝ።

በማግስቱ አክስቴ በጠዋት መጣች። እናቴ ሌሊቱን ስታስበው ያደረችውን ይዛ ጠበቀቻት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣

«እትዬ፣ ልጁ ደረቱም ያሰማል። መጀመሪያ ከተማ ወርደን መርፌ ቢወጋስ ብዬ ነበር፤ ከፈቀዱልኝ» አለች።

በዚያን ጊዜ መርፌን የሚንቅ ሰው አልነበረም። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «መርፌ ጥሩ ነው፤ ደም ያጠራል። እኔም አብሬ እወርዳለሁ። እሱ መርፌውን ይወጋዋል፣ እኔ ትሏን አወጣለሁ፤ በሁለት በኩል ስንይዘው የት ያመልጠናል!» አለች። ወስፌውን በጨርቅ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ፣ ከባቄላው ጎን፣ ሸጎጠችው።

መንገዱ ጭቃ ነበር። እናቴ ወንድሜን አዝላለች፤ አክስቴ የእንሰት ቅጠል ከላያቸው ዘርግታ ካፊያውን ትከላከላለች። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው መቀነቷን ነው። «የኔ ትርፍ፣ ምን ሆነሽ ነው ዛሬ ወሬ የጠፋብሽ?» አለችኝ። «ጭቃው ነው» አልኳት።

ክሊኒኩ ውስጥ ጃንሆይ ከግድግዳው ላይ ሆነው ሁላችንንም ይመለከቱናል። ሰዉ ሐኪም የሚለው ድሬሰሩ ከአንጋጫ በኩል የመጣ ወጣት ነበር፤ ከምባትኛና አማርኛ እንጂ ሀዲይኛ አይሰማም። ስለዚህ መሃል ቆምኩ። ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገርኩት። ሽንት ሸንቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ እናቴ ከትናንት ጠዋት ወዲህ ጨርቁ ደረቅ ነው አለች። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ። ፊቱ ከበደ።

ይኼኔ አክስቴ ጠጋ ብላ የወንድሜን ከንፈር ገለጠች። «ንገሪው ልጄ። በሽታው ያለው እዚህ ነው። ይህን እኔ አወጣለሁ፤ እሱ መርፌውን ይውጋልን» አለችና መቀነቷን ዳሰሰች።

ነገርኩት። ድሬሰሩ ብድግ አለ።

«ይቺ ናት የምትቦጫጭራቸው? ስንት ልጅ እንደቀበረች ጠይቂያት! በይ ጠይቂያት!»

እናቴ ብዙ አማርኛ አትሰማም፤ «ቀበረች» የምትለዋን ቃል ግን የማይሰማ የለም። አንገቷን ደፋች። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ምንም ክፋት የለም፣ እንግዳ ሰው ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት ደስ ያላት ሴት ፊት ነው። «ምን አለ?»

ሰው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ነው ምላሱ ላይ የሌላ ሰው ዕጣ የሚቀመጠው። «ስንት ልጅ አክመዋል ይልዎታል» አልኳት።

«እሱን ጌታ ነው የሚያውቀው!» አለች። ትከሻዬን አቀፈችኝ። «ይቺንም እኔ ነኝ ያወጣሁላት በይው። እያት፣ እንዴት እንደፋፋች!»

ይህንን እንዳለ ነገርኩት። ድሬሰሩ እጇን ትከሻዬ ላይ አየ። እኔንም አየኝ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። «ነይ» አለኝ። «ወደ መስኮቱ ዙሪና አፍሽን ክፈቺ። እናቴ፣ እርስዎም ቀረብ ይበሉ» አላት አክስቴን።

ጉሮሮ በሚያይባት ጠፍጣፋ እንጨት እያንዳንዷን ጥርሴን መታ መታ እያደረገ ማስረዳት ጀመረ። እኔ አፌ ተከፍቶ መተርጎም አልችልም፤ ስለዚህ እሱ ይናገራል፣ እኔ አፌን እዘጋና እተረጉማለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች በበሩ አንገታቸውን አስገብተው ነበር። አንዱ ሽማግሌ «የፈረስ ገበያ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«እነዚህ ፊት ያሉት ስለታሞቹ ይቆርጣሉ» አለ ድሬሰሩ። «ይቺ ሹሏ ክራንቻ ትባላለች፤ ሥጋም ሆነ ሌላ ጠንካራ ነገር ይዛ ትቀድዳለች። ኋላ ያሉት መንጋጋዎች ይፈጫሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።»

ለዚህ ሁሉ ስም በሀዲይኛ ከየት አምጥቼ! አክስቴ ፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። ትናንት እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁት መጣልኝ።

«እንሰት ስትሠሪ» አልኳት፣ ጭንቀቴ እርስዎ ማለቱን ሁሉ አስረስቶኝ፣ «መጀመሪያ በቢላ ትቆርጫለሽ፤ የፊት ጥርስ ያ ነው። ሥሩን ደግሞ ጥርስ ባለው እንጨት ትወቅጫለሽ፤ መንጋጋ ያ ነው። ልጡን በተረከዝሽ ረግጠሽ ካልያዝሽው ግን ልጡ ይንሸራተትብሻል፣ መፋቅ አትችዪም። ክራንቻ ተረከዝ ናት። የያዘችውን አትለቅም።» ከዚያም ለእሷ ሳይሆን ለራሴ እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብዬ ጨመርኩ፤ «እኔ በዚህ በኩል ተረከዝ የለኝም። ለዚህ ነው ሸንኮራ የማይሆንልኝ።»

አክስቴ ዓይኗን አፌ ላይ ጣለች። የፈረስ ነጋዴ ልጅ ናት እሷም፤ አፍ ማየት ታውቅበታለች። አገጬን ያዘችና ራሷ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

ድሬሰሩ ቀጠለ። «ይዩ፣ አጠገቧ ያለችው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ መጋደም ጀምራለች። ከታች ያለችውም የምትገጥማት አጥታ ወደ ላይ እየወጣች ነው። ነገ ምግብ እዚህ ይሸጎጥና ሌላውም ይበሰብሳል። በአንድ ጎን ብቻ ስለምታኝክ ያኛውም ጎን ያልቃል።»

«አጥር ነው» ብዬ ተረጎምኩ። «አንድ እንጨት ከመሃል ብትነቅይ ጎረቤቶቹ ወደ ቀዳዳው ይዘማሉ።»

«ትል ነበረባት እኮ» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ግን አንሶ ነበር። «እኔ በእጄ ነው ያወጣሁት። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው።»

ድሬሰሩ ሲተረጎምለት አልተቆጣም። በርጩማውን ስቦ ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ሲያወጡት በጣትዎ ይይዙታል አይደል? ጫፉስ? ጫፉም ለስላሳ ነው?»

የአክስቴ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ለብቻቸው መፋተግ ጀመሩ፤ አንዲት ትንሽ ነገር በመሃላቸው እንዳለች ሁሉ። ብዙ ጊዜ ፈተገቻቸው።

«ጫፏ ጠጣር ናት» አለች በመጨረሻ። «እንደ ጨው ቅንጣት።»

«ትል አጥንት አለው ወይ?» አለ ድሬሰሩ። «ገና ያልወጣች ጥርስ ናት እናቴ። ሁሉም ሕፃን ድዱ ውስጥ አለችው፤ የታመመውም ያልታመመውም። ከእሷ ሥር ደግሞ ትልቅ ሲሆን የምትበቅለው ተኝታለች። አንዷ ስትወጋ ሁለቱም ይሄዳሉ።»

ተረጎምኩ። ቃል ሳልቀንስ፣ ቃል ሳልጨምር።

አክስቴ ጣቶቿን እያየች «ጣቴ ያውቅ ነበር» አለች። «ሁልጊዜ ጣቴ ያውቅ ነበር።»

«ምን አለች?» አለኝ ድሬሰሩ።

«ገባኝ አለች» አልኩት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማንም አልተረጎምኳትም። ዛሬ ስጽፋት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ወንድሜ መርፌ አልተወጋም። ድሬሰሩ የፈላ ውሃ አቀዝቅዞ፣ ስኳርና ጥቂት ጨው በልክ ጨምሮ በብርጭቆ ሰጠን። በሻይ ማንኪያ፣ አሁንም አሁንም፤ ቢያስመልሰው ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ ስጡት፤ ጡቱንም እንዳትከለክሉት አለ። ማንኪያውን እናቴ ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ አክስቴ ቀድማ ያዘችው። እናቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ምንም ሳትል ወንድሜን አንስታ አክስቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ አላደነቅኋትም፤ ልጅ ነበርኩ። አሁን ሳስበው እናቴ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ባለሱቋ፣ ያቺ ተሳዳቢዋ፣ የጓሮ ክፍሏን ለቀቀችልን። «እናንተ ሰዎች ስትታመሙ ብቻ ነው ከተማ የምታውቁት!» እያለች ፍራሽ አመጣች፣ ውሃ አፈላች። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ከማንኪያው አልተለየችም። ጠብ፣ ትጠብቃለች፣ ጠብ። ሲያስመልሰው ትጠርገዋለች፤ ደግሞ ጠብ። አንዳንዴ ከንፈሩ ከፈት ሲል ዓይኗ ድዱ ላይ ይቀራል፤ ወዲያው ዞር ታደርገዋለች። እኔ ደግሞ ወስፌው እንዳለ ለማየት መቀነቷን አያለሁ። ነበረ። ግን እጇ ወደዚያ አልሄደም።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት አክስቴ «ኧረ!» ብላ ጮኸች። እናቴ ፊቷ አመድ መስሎ ብድግ አለች። አክስቴ ቀሚሷን ከጭኗ ላይ አንስታ ታሳየናለች፤ ርሷል።

«ሸናብኝ! እንኳን ሸናህብኝ! ደግመህ ሽና!»

ባለሱቋ ከሱቅ ሮጣ መጥታ፣ «ምንድነው? ማን ሞተ?» አለች። እኔ በአማርኛ «ሸና» ስላት በሩን ይዛ ስትስቅ፣ እናቴ ስታለቅስ፣ አክስቴ ሁለቱንም ስታደርግ፣ እኔም ሳቅሁ፤ አፌን ሳልሸፍን።

በአራተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ስለ ጥርስ ብዙ አነበብኩ። ልጄ ተማሪ ቤት ሲገባ የሳይንስ መጽሐፉን እሱ ሲተኛ እኔ እገልጥ ነበር። የወተት ጥርስ ሃያ ነው ይላል፤ ቆራጩ፣ ክራንቻው፣ መንጋጋው በሥዕል ተደርድሯል። ድሬሰሩ ያለው ሁሉ አለ። ከባዶው ቦታ አጠገብ ያለችው ጥርሴ እንዳለውም ተጋደመች፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ተቦርቡራ ተነቀለች። ቀኙ ጎኔም በሥራ ብዛት አለቀ፤ አሁን ባቄላ የምቆረጥምበት የለኝም፤ አስፈጭቼ ሹሮ አድርጌ ነው የምበላው። መጽሐፉ ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወደደ ሰው የነቀላት ጥርስ ቦታዋ እንዴት እንደሚያምና እንዴት እንደማያም።

ወንድሜ በአሥር ወሩ የመጀመሪያዋን ጥርስ አወጣ። አክስቴ በየሳምንቱ ትመጣና ጣቷን ታጥባ፣ ቅቤ ሳትቀባ፣ ድዱን ትዳስሳለች፤ ትቆጥራለች፤ ትሄዳለች። አንድ ቀን ነከሳት። «ነከሰኝ!» ብላ ጣቷን ለመንደሩ ሁሉ ስታሳይ ዋለች። በሚቀጥለው ዓመት መስቀል ሁለቱም የላይ ክራንቻዎቹ ወጥተው ነበር። አባቴ ቀጭን የሥጋ ቁራጭ ሰጠው፤ ወንድሜ በጎኑ ነክሶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ወርውሮ፣ እንደ ቡችላ ጎተተና ቀደደው። ሁላችን ሳቅን። አክስቴ ቢላዋን አንስታ የእኔን ድርሻ ከትክታ፣ ከትክታ፣ አለስልሳ በእንሰት ቅጠል ላይ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ በየመስቀሉ እንደዚያ ታደርግልኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ።

ወስፌውን ስፌቷ ላይ መለሰችው። ሕፃን አዝለው የሚመጡ እናቶች አልቀሩም፤ መጀመሪያ ላይ ተቆጥተው የሄዱም ነበሩ፤ «እጇ ከዳት» ተባለ። እሷ ነጠላዋን ታነሳና «ተነሺ፣ እንሂድ» ትላቸዋለች፤ እስከ ከተማ ድረስ አብራቸው ትወርዳለች። እኔን እያስከተለች ሦስት ዓመት ያህል እንደሄደች አማርኛውን ለመደችው፤ «ውሃ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቀስ በቀስ» ማለት ስትችል እኔን መጥራት ተወች።

ወንድሜ ሥጋውን በቀደደበት በዚያ መስቀል ማግስት፣ አክስቴ በጠዋት መቆፈሪያዋን ይዛ መጣች። ቤት አልገባችም። በቀጥታ ወደ እንሰቱ ጥግ ሄደች፤ ተንበርክካ የእህቴን መቃብር አረም በእጇ ነቀለች፤ ዙሪያውን ከወንዝ ባመጣችው ድንጋይ ከበበችው። እናቴ ከበሩ ቆማ አየቻት። ስትጨርስ እናቴ ውሃ በቅል ይዛ ወጣችና እጇን አስታጠበቻት። አክስቴም እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወደ ቤቷ ወረደች።